ሲስተር ዘርፌና ጥቁሩ ባና

ሲስተር ዘርፌ መሞታቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ሞላሌ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ፣ ድሮ አንድ ጤና ጣቢያ አብረን የሠራነው ነርስ ብርቱካን ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «የሲስተርን ነገር ሰማህ አይደል?» አለች። አልሰማሁም ነበር። ያዘንኩት ቆይቶ ነው፤ ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። «ምነው፣ እኔ ስልክ የለኝም? ለቀብር የማልጠራ ሰው ነኝ?» ብዬ ብርቱካን ላይ ጮህኩባት። እሷ ምን ታድርግ፣ እሷም የሰማችው በቀደም ነው። የመረጥኩትን ሽንኩርት ለሻጯ መልሼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እውነቱን ከተናገርኩ፣ የምንደዋወል ሰዎች አልነበርንም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ እደውልላቸዋለሁ። «አለህ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ። «ወላዶችህስ?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ፣ ይዘጋሉ። እንደዚያም ሆኖ ወላድ የተኛችበት ክፍል በገባሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኛል። የምወዳቸውን ያህል እፈራቸዋለሁ። ስለ ሞተ ሰው መልካም መልካሙን ማውራት ልማዳችን ነው፤ ሲስተር ዘርፌን ግን እንደ ነበሩ ካልጻፍኳቸው ከመቃብር ተነስተው የሚያርሙኝ ሰው ናቸው።

ጤና ጣቢያችን ከጓሳ ሜዳ አፋፍ ላይ ነው ያለው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ በመስኮት ይገባና መዝገቡን ሁሉ ያረጥባል። በዚያ ቤት የነበረው አዋላጅ ነርስ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንድ፣ ያላገባሁ፣ ያውም የቄስ ልጅ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሲያዩኝ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ግድግዳ ይዞሩ ነበር። ቀስ በቀስ እነሱ ለመዱኝ። እኔ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ እነሱን የለመድኳቸው በግማሽ ነው።

የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ስልጠና ይመጣል ሲባል ደስ ብሎን ነበር። ስልጠና ማለት ለእኛ ከተማ ወርዶ፣ አዳራሽ ተቀምጦ፣ የታሸገ ውኃ እየጠጡ ግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ ማየት፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት ይዞ ፎቶ መነሳት ነው። የመጡልን ግን ሲስተር ዘርፌ ናቸው። ከጭነት መኪና ጋቢና ወረዱ። አጭር፣ ጠይም፣ ስድሳን ያለፉ፣ ከሹራብ ላይ ነጭ ጋዋን የደረቡ ሴት ናቸው፤ በእጃቸው ጆንያ አንጠልጥለዋል። ኃላፊያችን እጅ ነስቶ፣ «የትኛውን ክፍል እናመቻችልዎት?» አላቸው።

«ሴቶቹ የሚወልዱት የት ነው?»

«ማዋለጃ ክፍል ነዋ።»

«እንግዲያው እዚያ ነው» ብለው ቀድመውን ገቡ። ስድስት ሳምንት እዚያው ከረምን።

ከጆንያው ያወጡት ከአቡጀዴ የተሰፋ፣ ሦስት ኪሎ ገብስ የተሞላ አሻንጉሊት ነበር። እጄ ላይ ጣሉትና፣ «ተወልዷል፤ አያለቅስም። ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። ከመጽሐፍ የማውቀውን እንደ ዳዊት መድገም ጀመርኩ። «ዝም በል! ትንፋሽህን ያዝና ሥራው» አሉ። ያዝኩ። ለማይተነፍስ ሕፃን አየር የሚነፋበት የጎማ ባሉን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከንብረት ክፍሉ ሰው ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ለምሳ ወጥቷል። ብርቱካን እየሮጠች ሳትመለስ ዓይኔ ተጎልጉሎ ትንፋሼን ለቀቅሁት። ሲስተር ዘርፌ አሻንጉሊቱን ከእጄ ተቀበሉኝና ፊቱን በነጠላ ሸፈኑት። «አንተስ መልቀቅ ትችላለህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ባሉን ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በኋላ አይጥ የአሻንጉሊቱን ሆድ ቀዶ ገብሱን ሲበላው ደግሞ፣ «በእናንተ እጅ ከሚሞት በአይጥ መሞቱ ይሻለዋል» ብለው እየሰፉ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

አመላቸው ብዙ ነው። የጋዋናቸው ኪስ ሁልጊዜ ቆሎ አለው፤ ፍስክ ሆነ ጾም፣ ምጥ ለያዛት ሴት እናትና አክስቶች እያዘገኑ ይሰጣሉ። «አፋቸው ሥራ ሲያገኝ ምክር ይቀንሳሉ» ይላሉ። አንዲት አያት ለተወለደው ልጅ አፍ ቅቤ ይዘው ሲጠጉ እጃቸውን በእርጋታ ይይዙና፣ «እማማ፣ ይቺን ለራስዎ ጸጉር፤ እሱ እናቱ ያዘጋጀችለት አለው» ብለው ጡቱን ያሲዙታል። ሰው የሚነኩት ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ካሞቁ በኋላ ነው። «ቀዝቃዛ እጅ የነካት ሴት እውነቱን አትነግርህም» ይሉናል። ጣቶቻቸው ጠማማ ነበሩ፤ የእኛ አገር ብርድ ያልለመዱ ናቸው እያልኩ ልቤ ውስጥ እስቅባቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «እጅህ የት ነው ያለው?» ካርድ ስሞላ ይመጣሉ። «እጅህ የት ነው?» ብዕር ላይ። «ሴትዮዋስ?» እዚያ ማዶ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ «አንተ የቄስ ልጅ፣ ውጣና ተኛ» አሉኝ። ማዋለጃው አልጋ ላይ ማለታቸው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ቆማ እያየች እግሬን ሰቅዬ ተኛሁ። ከሥሬ ላስቲክ አነጠፉ፣ ከላዬ ጥቁር ባና ደረቡብኝ። የመንዝ ሰው ባና ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ወፍራም፣ ብርዱን የሚችል የእኛ ብርድ ልብስ ነው። ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ቤተሰቧ ከራሷ ቀድሞ ባናዋን ነው የሚያዘጋጀው። ሲስተር ዘርፌ ቀስ ብለው ለብ ያለ ውኃ ከጆግ ባናው ሥር አንቆረቆሩብኝ። ጆጉን ሁለቴ ሞልተው ነው። ከዚያ ሌሎቹን ጠሩና፣ «ወልዷል፤ ስንት ደም ፈሰሰው?» አሏቸው። ብርቱካን ባናውን ከላይ ነካካችና፣ «ትንሽ እርጥበት አለው፣ ብዙም አይደል» አለች።

ሲስተር ዘርፌ ወደ እኔ ዞረው፣ «ደህና ነህ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ሞተሃል» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ይመስገን መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ የእኛ ሰው አንጀቱ ተዘርግፎም ይመስገን ይላል። ባናው ጠጉር ነው፣ ይጠጣል። ጥቁር ነው፣ አያሳይም። እንዴት ነሽ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ገልጣችሁ እዩ፣ ዳስሱ» አሉ። ገባን አልን። እኔም ገብቶኛል። ግን የረጠበ ሱሪዬን ይዤ ከአልጋው ስወርድ ጽዳቷ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር፣ በዚያን ሰዓት ሲስተር ዘርፌን ጠላኋቸው። ትምህርቱን ከእልሄ ጋር አብሬ ሸፈንኩት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በጾሙ አንድ ማለዳ የኔታ ልጃቸውን እታፈራሁን ይዘው መጡ። የኔታ ከሀ እስከ ዳዊት ያስተማሩኝ፣ በኩርኩም ያሳደጉኝ መምህሬ ናቸው። ሱባኤ ገብተው ነበር፤ የልጅቷ እናት ቀድማ አርፋለች፣ ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዷል፣ ስለዚህ መቋሚያቸውንና መጽሐፋቸውን እንደያዙ ከሱባኤው ወጥተው መጡ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በበሩ ሲገቡ ግን እንደ ልጅ ብድግ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«ተክሌ» አሉኝ፣ ዙሪያውን ካዩ በኋላ። «የምታዋልዳት አንተ ነህ?»

«አዎ የኔታ።»

«በል እንግዲህ፣ አደራህን» ብለው ወጥተው ደጅ ቆሙ።

ወሊዱ ደህና ሆነ። ሲስተር ዘርፌ ከጎኔ ነበሩ። ወንድ ልጅ ነው፣ ወዲያው አለቀሰ፣ ደረቷ ላይ አስተኛነው፤ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋኋት፣ የእንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሲስተር ዘርፌ ፈረስ አስጭነው ሌላ ቀበሌ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽኖችን ሊያዩ ሲነሱ ከበሩ ላይ ተመልሰው መጡ። «በየሩብ ሰዓቱ። ማህፀኗን በእጅህ፣ ደሙን በዓይንህ። ገባህ?» አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ።

እሳቸው እንደሄዱ የኔታ ገቡ። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ከቤት ያመጡትን ጥቁር ባና እስከ አንገቷ ድረስ ደረቡላት፣ ከራስጌዋ ተቀመጡ፣ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ።

ሩብ ሰዓት ሲሞላ መጣሁ። ባናውን መግለጥ አለብኝ። የኔታ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አነሱና አዩኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። «የኔታ፣ አንድ ጊዜ ደጅ ይቆዩልኝ» ማለት ነበረብኝ። ቀላል ቃል ነው። ግን አላልኩም። እሳቸውን ከተቀመጡበት ያስነሳ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ የልጃቸውን ገላ ፊታቸው ልገልጥ ነው ደግሞ። በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ «እታፈራሁ፣ እንዴት ነሽ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ልጁ ይጠባል። ፊቷ ደህና ነው። ወጣሁና ካርዱ ላይ «ማህፀን ጠንካራ፣ ደም መጠነኛ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ሩብ ሰዓት መጣሁ፣ ጠየቅሁ፣ ይመስገን አለች፣ ጻፍኩ። በሦስተኛው ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አየሁ። በዚያ ብርድ ላብ! አየሁትና፣ ደክሟት ነው፣ ሌሊቱን ስታምጥ አድራለች፣ ትተኛ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጻፍኩም። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው።

ሲስተር ዘርፌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ሳይደርሱ ተመለሱ። ውኃው ከጋዋናቸው እየተንጠባጠበ ገቡ፣ ካርዱን ከእጄ ወስደው አነበቡ። ሦስቱን መስመር አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ጎበዝ» አሉኝ። በአራት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ያን ጊዜ እንኳ አፌን ብከፍት ኖሮ! አልከፈትኩም። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው እያሞቁ ወደ ውስጥ ዘለቁ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«የኔታ፣ እንዴት ዋሉ» አሉና እጃቸውን በባናው ሥር አስገቡ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያወጡት እጅ እስከ አንጓው ድረስ ቀይ ነበር።

«ተክሌ» አሉ። እስከዚያ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ባናውን ሲገፉት ሲሚንቶው ላይ እንደ እርጥብ ጭቃ ወደቀ፤ ከሥሩ ደም ወደ በሩ ተንሸራተተ። የኔታ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ማህፀኗን በሆዷ ላይ ስይዘው እጄ ሰመጠ፤ ጠንካራ ብዬ የጻፍኩት ማህፀን ሊጥ ሆኗል። ጮሄ ብርቱካንን ጠራኋት፤ ሮጣ መጥታ በእታፈራሁ ሁለት ክንዶች ግሉኮስ ሰካች፣ መርፌውን ደገምን፣ ኃላፊያችን አምቡላንስ ደወለ። ማህፀኗን አሸነው፣ አሸነው፣ ደሙ አልቆመም። እታፈራሁ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል።

ሲስተር ዘርፌ ጓንት አጠለቁና እጃቸውን አስገብተው ማህፀኑን ከውስጥና ከውጭ ሊጨምቁት ሞከሩ። ጣቶቻቸው አልታጠፉም። ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ሞከሩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እነዚያን ጣቶች ያጣመማቸው ብርድ አይደለም፣ ቁርጥማት በልቷቸዋል። «እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ግባ!» አሉኝ።

ጓንቱን አጠለቅሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ወደ የኔታ ነው የማየው። እንዲህ ባለው ሰዓት እንኳ ወደ እሳቸው ነው የማየው!

«ወዴት ነው የምታየው?» ብለው ሲስተር ዘርፌ ጮሁብኝ። «ሕይወቷ ያለው እዚህ ነው!»

የኔታ ቆመው ነበር። ከእሳቸው ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ እኔስ ምን ላድርግ?» አሉ። ሲስተር ዘርፌ የግሉኮሱን ከረጢት እጃቸው ላይ አደረጉላቸው፤ «ይህን ከፍ አድርገው ይያዙልን።» የኔታ ከረጢቱን መቋሚያቸው ላይ አንጠለጠሉት፣ መቋሚያውን አቁመው ያዙ፣ ዓይናቸውን ወደ ጣራው አነሱ። እጄን አስገባሁ። በአንዱ ጡጫ ከውስጥ፣ በሌላው መዳፍ ከሆዷ ላይ ጨመቅሁት። ደሙ ቀነሰ። ላላ ሳደርገው ይመጣል፣ ስጨምቀው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መልቀቅ የለም።

ደግነቱ አምቡላንሱ ከጎረቤት ቀበሌ ሲመለስ ነበርና ቶሎ ደረሰ። እጄ ውስጧ እንዳለ በቃሬዛ አወጣናት። ሕፃኑን ሲስተር ዘርፌ ደረታቸው ውስጥ፣ ከሹራባቸው ሥር፣ ከገላቸው ጋር አጣብቀው አሰሩት። ጓሳን ስንይዝ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ሲስተር ዘርፌ ሁለት ጣታቸውን በእታፈራሁ አንገት ላይ አድርገው የልብ ምቷን ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩን ግን አይነግሩኝም። ክንዴ መጀመሪያ ነደደ፣ ከዚያ ደነዘዘ።

«ሲስተር፣ ክንዴ ሞተ» አልኩ።

«ይሙት። እሷ ትኑር» አሉኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሹፌሩ ሦስቴ ሞከረ፣ መኪናው እየባሰበት ሄደ። ሲስተር ዘርፌ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዘለው ወረዱና ወደ ጉሙ፣ «የሰው ያለህ! ወላድ ናት! የሰው ያለህ!» እያሉ ጮሁ። ውስጥ የቀረነው እኔ፣ የኔታና እታፈራሁ ነን። ቆዳዋ ቀዝቅዟል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፣ የምጠርግበት እጅ የለኝም። የኔታ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ «ተክሌ፣ አለች?» አሉኝ።

«አለች የኔታ» አልኩ። አላወቅሁም ነበር። ያ አራተኛው ውሸቴ ነው።

ከጉሙ ውስጥ ባና የለበሱ እረኞች ወጡ፤ አራት ይሁኑ አምስት አላየሁም፣ መኪናው ሲነቃነቅ ብቻ ተሰማኝ። ሲስተር ዘርፌም በትከሻቸው ይገፋሉ። ወጣን። ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሞቹ እጄን ከእታፈራሁ ሲያላቅቁት ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው አንድ ሰው ነው አንድ በአንድ የዘረጋልኝ። ደም ተሰጣት፤ አንዱ ከረጢት የእኔ ነበር። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ በሕይወት ነበረች፣ ማህፀኗም ተረፈ።

የኔታ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና ተጠመጠሙብኝ። ትከሻዬን ሳሙ፣ ግንባሬን ሳሙ፣ «ልጄን ያተረፍክልኝ፣ የተባረክ ሁን፣ ዘርህ ይብዛ» ብለው መረቁኝ። እኔም ዓይኔ እያየ አሜን አልኩ። ሲስተር ዘርፌ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ያን አሜን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

በማግስቱ ጠሩኝ። ካርዱን አጥፈው በጋዋናቸው ኪስ ውስጥ፣ ከቆሎው ጋር ይዘውታል።

«ይህ ያንተ ጽሕፈት ነው?»

«አዎ።»

«አይተህ ነው የጻፍከው?»

«ሪፖርት ያደርጉኛል?» አልኩ።

«አደርጋለሁ። መጀመሪያ ግን ሄደህ ንገር።»

«ለየኔታ?»

«ደሙ የማን ነው?»

«የእታፈራሁ።»

«እንግዲያው ለእሷ።»

ሪፖርቱንም አደረጉ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ የሚገባኝ ነው፣ አንድም ቀን አላማረርኩም። መንገሩ ግን ከሪፖርቱ ከበደኝ። ሁለት ቀን ሸሸሁ። የደም ባንክ አለብኝ አልኩ፣ መድኃኒት ልገዛ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ዘርፌ ክንዴን፣ ያንን የታመመውን፣ ይዘው በሯ ድረስ ወሰዱኝና እሳቸው ውጭ ቀሩ። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄደዋል። እታፈራሁ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ገና ነጭ ነው፤ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ፣ «እታፈራሁ፣ በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ አላየሁሽም። እንዳየሁ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ይህ ሁሉ የመጣብሽ በእኔ ነው» አልኳት።

ልጁን ታየዋለች እንጂ እኔን አላየችኝም።

«እኔኮ አውቄዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ደሙን። ገና መጀመሪያ ስትመጣ እየወረደ ነበር። ሙቅ ነው፣ ወገቤ ሥር ሲጠራቀም ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? ይመስገን አልሽኝኮ!»

«አባባ ፊት?» አለች ቀና ብላ። «አባባ ፊት እንዴት ብዬ ደም እየፈሰሰኝ ነው እላለሁ? አንተስ አባባን ውጣ ብትለው ምን ነበረበት?»

ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔም አፍሬ፣ አንተም አፍረህ፣ ይሄን ልጅ ያለ እናት ልናስቀረው ነበር» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን እጄን ፈልጋ ያዘችው።

ስወጣ ሲስተር ዘርፌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ያለችኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው፣ ታውቅ እንደነበረ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እነዚያን ጠማማ ጣቶች ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እንደ ሕፃን፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው ያለቀሱት። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያንተዋስ ነገረችህ» አሉኝ ሲረጋጉ። «የእኔዋ ደሟ ሲፈስ ሳትነግረኝ ነው የሞተችው። ልጅ ነበርኩ፣ እንዳንተ አዲስ ነበርኩ፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። እንዴት ነሽ አልኳት፤ ይመስገን አለችኝ። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም እያልኩ አርባ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ኖርኩ።»

ነጠላቸውን አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ።